ስኳር ያድናል የተባለው ሻይ

የሱቁን ተጠቅላይ በር ከውስጥ ሆና ገና እስከ ጉልበቷ ከፍ እንዳደረገችው አንድ እጅ ከሥር ሾልኮ ገባና ጣቶቹን አወዛወዘ።

«ኧረ እጅዎትን! ይቆረጣሉ!» ብላ ጮኸች።

«ለኔ ሁለት እሽግ! የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ሰው ይመስክር!» አለች የእጁ ባለቤት ከውጭ።

በሩን እስከ ላይ ገፍታ ስትወጣ ያየችውን ማመን አቃታት። ከደረጃዋ የተነሣው ሰልፍ የልብስ ሰፊውን በር አልፎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አልፎ፣ ጥጉ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ ዞሮ ይጠፋል። ሱቁን ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው። በነዚህ ስድስት ዓመታት እዚህ በር ላይ አንድ ላይ ቆመው ያየቻቸው ሰዎች ቢበዙ አምስት ቢሆኑ ነው፤ እነሱም ዝናብ ሊጠለሉ ነበር።

ሰፈሩ ባለናናዋ ይላታል፤ በበሩ ግራና ቀኝ በቀለም ቆርቆሮ በተከለችው ናና የተነሣ። ከዚህ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ መድኃኒት ስታቀብል ኖራለች። የፋርማሲው ባለቤት አርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ሲሸጡት ይህችን ጠባብ ክፍል ተከራይታ የሻይ ቅጠላ ቅጠል መሸጥ ጀመረች። ካሞሚል፣ ጠጅ ሳር፣ ጦስኝ፣ ከርከዴ፣ እንስላል፣ ዝንጅብል፤ ሁሉም በየመስታወት ማሰሮው ተሞልቶ፣ በእጅ ጽሑፏ ስሙ ተለጥፎበታል። ከስሙ ሥር «ሲመሽ ጥሩ ነው»፣ «ከምግብ በኋላ»፣ «ጉሮሮ ሲከረክር» እያለች ትጽፋለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ጽፋ አታውቅም።

«ምን ልታዘዝ?» አለቻት ሴትዮዋን።

«ያንን ነዋ! ስኳር የሚያድነውን።»

«ምን የሚያድነውን?»

«አትቀልጂ እንጂ! ራስሽ ያልሽውን?» ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አፍንጫዋ ሥር ደቀነችላት።

ስልኩ ውስጥ ያለችው ራሷ ናት። ሽርጧ የሷ፣ እጇ የሷ፣ ቀዩ የከርከዴ ማሰሮ የሷ። ድምፅዋም አልተነካም፤ «ይሄ ሻይ ስኳር ያድናል» ትላለች፣ ጥርት አድርጋ። ከዚያ ሙዚቃ ይገባና ትልልቅ ቢጫ ፊደላት ይወርዳሉ፦ «ስኳርና ደም ግፊትን በሃያ አንድ ቀን ድራሹን ያጠፋል። ከሌላ መድኃኒት ጋር አይቀላቅሉ።»

ባለናናዋ ስልኩን ተቀብላ እንደገና አየችው። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ መጥቶ ሲቀርጻት ምን እንዳለች ቃል በቃል ታስታውሳለች። «ይሄ ሻይ ስኳር ያድናል የሚላችሁ ሰው ካለ በር ዝጉበት» ነበር ያለችው። ወንድሟ «ያድናል» ላይ ቆርጦታል።

ስልክ ደወለችለት። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ሳቀ።

«እትዬ! አየሽው አይደል? በሁለት ቀን ስንት ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ?»

«አሁኑኑ ና።»

«እየመጣሁ ነው፤ እሽግ እንዳያንስሽ ሌላ ከረጢት ልግዛ ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ከረጢቱን ተወውና አንተ ና!»

ልብስ ሰፊው መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። ሽማግሌ ነው፤ ጋሼ ትለዋለች፣ እሱም እንደ ታናሽ እህቱ ያያታል። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና «እኔ በሠላሳ ዓመት ያላየሁትን ሰው አንቺ በአንድ ጠዋት» አለ። «ለመሆኑ ምን ጀመርሽ? ሱሪ ያሳጥራል አልሽ?»

«ጋሼ፣ ስኳር ያድናል ብያለሁ አሉ።»

«ያድናል እንዴ?»

«ጋሼ!»

«ኧረ ጠየቅኩ እንጂ። እኔም እኮ ትንሽ አለብኝ።»

መሳቢያ ያለበትን አጭር በርጩማ ከውስጥ አወጣችና ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወጣችበት። በሕይወቷ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። እህቷ ስትዳር እንኳ ምርቃቱን ሌላ ሰው ነው ያደረገላት።

«ስሙኝ! እዚህ የመጣችሁት ተታላችሁ ነው። ያ ቪዲዮ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ይሄ ሻይ ስኳር አያድንም። ደም ግፊትም አያድንም።»

ሰልፉ ወደ ፊት ተጠጋ። ከመሀል አንድ ሰውዬ «እንግዲያው ምንድነው የሚያድነው?» አለ።

«ምንም አያድንም። ሻይ ነው! ይጣፍጣል፣ ያሞቃል፣ ሰውነት ያዝናናል። መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ የምትጠጡት ሻይ።»

ጉምጉምታው ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

«ለትልልቅ ሰዎች ሸጣዋለች፤ ለኛ ሲሆን ሻይ ነው ትላለች!»

«ድሮ ፋርማሲ ነበረች አሉ። እነሱ ናቸው ዝም ያሰኟት።»

ቁመተ ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ እጁን አንሥቶ እንደ ዳኛ ተናገረ፦ «አንድ ነገር ልበል። ውሸት ቢሆን ኖሮ ትሸጥልን ነበር። አልሸጥም የምትለው እውነት ስለሆነ ነው!»

ብዙዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ባለናናዋ በርጩማው ላይ እንደቆመች ሳቅም እንባም መጣባት። ከውሸት ጋር ተጣልታ ታውቃለች፤ እውነቷ እንዲህ ተገልብጦ ሲመለስባት ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ወንድሟ መኪናውን አቁሞ በሰዉ መሀል እየተጋፋ መጣ። የቤት ዕቃ መደብሮችን ማስታወቂያ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ ደብተሩን የሸፈነችለትም፣ ፀጉሩን ያስተካከለችለትም እሷ ናት። ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«ምን አደረግኸኝ?»

«ስም አወጣሁልሽ። ይኸው፣ ሕዝቡ በር ላይ ነው!»

«እኔ ያላልኩትን ብለሃል።»

«ብለሽዋል! አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ አሳጠርኩ እንጂ።» ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ስትናገሪ ማን ሰማሽ? እዚህ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ማሰሮ ስትወለውዪ ማየት ሰለቸኝ። ደግሞ ሻይ ነው፣ ማንን ይገድላል?»

መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ከደረጃው «እባክዎን ውኃ» የሚል የደከመ ድምፅ ሰማች።

ደረጃው ጫፍ ላይ አንድ ጡረተኛ ተቀምጠዋል። በኋላ እንደተረዳችው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። አጠገባቸው አስተማሪ ልጃቸው ቆማለች፤ የጠመኔ ብናኝ ያለበት ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ባለናናዋ ውኃ ሰጠቻቸው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሁለተኛውንም ጨለጡ። ሦስተኛውን ስትሰጣቸው ጎንበስ አለችና ትንፋሻቸው ሸተታት፤ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ። ደረታቸው ሮጦ እንደመጣ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ፋርማሲው ውስጥ ሁለት ጊዜ አጋጥሟታል።

«የኔ እህት፣ አባትሽ ኢንሱሊን ይወጋሉ?»

«ይወጉ ነበር።»

«ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ አቆሙ። ቪዲዮው ከሌላ መድኃኒት ጋር አይቀላቅሉ ይላል እኮ። ሻዩን ልንገዛ ትናንት እሑድ ስንመጣ ዘግተሽ ነበር፣ ዛሬ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት።» ልጅቷ የባለናናዋን ፊት አየች። «ምነው? ምን ሆኑ?»

ባለናናዋ ከጎንበሰችበት ቀና አለች። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«መኪናህን አስነሣ።»

«እትዬ፣ ሰዉ…»

«መኪናህን አስነሣ አልኩህ!»

ልብስ ሰፊው ሳይጠሩት መጥቶ ሰውዬውን በአንድ በኩል ደገፈ፤ በሌላው በኩል እሷ። ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠ። ያ ረጅሙ ሰውዬ ብቻ «ታዲያ ሱቁ ሊዘጋ ነው?» አለ።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ የሰውዬውን ራስ በትከሻዋ ደግፋ በመስታወቱ ውስጥ የወንድሟን ዓይን አየች። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ጆሮው ግን ቀልቷል፤ በልጅነቱ መስኮት ሰብሮ ሲደበቅ እንደሚቀላው።

ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ጠብታውን መለኪያው ላይ ስታስነካው መሣሪያው ቁጥር እንኳ አላወጣም፤ ከልኬ በላይ ነው አለ። ወዲያው ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ ከብረት መስቀያው ላይ የጨው ውኃ ተንጠለጠለ፣ መርፌ ተዘጋጀ። ወጣቱ ሐኪም መጋረጃውን ገልጦ ወጣና ሦስቱን በየተራ አያቸው።

«መርፌውን አቁሙ ያላቸው ማነው?»

አስተማሪዋ ጣቷን ቀሰረች።

«እሷ ናት! በራሷ አፍ! አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ነው ያዩት። ደግ ፊት አላት አሉ። ይህቺ ሴት አትዋሽም አሉ!»

ባለናናዋ ራሷን ለመከላከል ብዙ ቃል ነበራት። ተቆርጦ ነው ማለት ትችላለች፤ እኔ አላየሁትም ማለት ትችላለች። ከፊቷ የቆመችውን ልጅ ስታይ ሁሉንም ተወችው።

«አፉ የኔ ነው» አለች። «ልክ ነሽ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዞረው ያዩ ጀመር። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ሲያይ ነበር። ድንገት ቀና አለ።

«እሷ አይደለችም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሷ አያድንም ነው ያለችው። መድኃኒት አትቀላቅሉ የሚለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ቪዲዮ ላይ ገልብጬ ነው።»

አስተማሪዋ ወደ እሱ ዞረች። ትጮህብኛለች ብሎ ትከሻውን ሰብስቦ ሲጠብቅ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሻል ሲላቸው አንተው ግባና ንገራቸው» አለችው። «ለኔ አይደለም። ለሳቸው ንገራቸው።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሙ ትንፋሻቸው መስተካከል መጀመሩን፣ ግን ጥቂት ቀን እንደሚተኙ ነገራቸው። ወንድሟ ገባ። ባለናናዋ ከመጋረጃው ውጭ ሆና «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ሲል ሰማችው። ከዚያ ጡረተኛው በደከመ አፍ «አውቶቡስ ስነዳ እንዲህ ያለ ስህተት ብሠራ ኖሮ ስንት ሰው ይዤ ገደል እገባ ነበር» አሉት። ሌላ ነገር አላሉትም። ሲወጣ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

መኪናው ውስጥ ስልኩን አወጣ። «አጠፋዋለሁ።»

«አጥፋው። ግን ማጥፋቱ አይበቃም። ያየው ሰው አይቶታል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ መርፌውን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሌላ ሰው አለ። ሌላ እንቀርጻለን።»

«እትዬ፣ ትሰደቢያለሽ። አታለለችን ይላሉ። ሱቁ ሊዘጋብሽ ይችላል።»

«ይዘጋ!»

ይህን ቃል ስትናገር ራሷን ገረማት።

ሲመለሱ ሰልፉ ከግማሽ በላይ ሳስቷል፤ የቀሩት ግን ተራቸውን ላለማስነካት ጫማና ጃንጥላ መሬት ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ እንደ ዘበኛ ተቀምጧል። እዚያው ደረጃው ላይ፣ በሰዉ ፊት፣ ወንድሟ ቀረጻት። ሽርጧን አላስተካከለችም። «እኔ የሻይ ሻጭ ነኝ» አለች። «ዛሬ ጠዋት አንድ አባት የኔን ፊት አምነው መርፌያቸውን ስላቆሙ ሊሞቱ ነበር። መርፌና ኪኒን ያቆማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። የኔ ሻይ በሽታ አያድንም። ከዚህ በኋላ ያድናል ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ እኔም ብሆን አትመኑኝ።»

በዚህ ጊዜ ማንም አላጉረመረመም። ጡረተኛው ተደግፈው ሲወሰዱ አይተዋል። አንዳንዶቹ ጫማቸውን አንሥተው ሄዱ፤ አንዷ ሴት እየሮጠች ነው የሄደችው። ቁመተ ረጅሙ ሰውዬ «እኔ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ።

ሃያ ያህል ሰዎች አልሄዱም። «ይሁን፣ ሻይም ቢሆን እንጠጣ» አሉ።

ባለናናዋ ሁለቱን ማንቆርቆሪያ ጣደች። አንድ በአንድ እያስገባች ባንኮኒው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለች ጠዋት እጇን በበሩ ሥር ያስገባችው ሴትዮ። አሁን እንደ አዲስ ደንበኛ ጨዋ ሆናለች።

«ቡና ይጠጣሉ?»

«እንደ ሰው ነው የምጠጣው።»

«የመጨረሻውን ስንት ሰዓት?»

«ከሥራ ስመለስ… ከዚያ እራት ላይ… ከዚያ አንዳንዴ…»

«እንግዲያው ቅጠሉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው ችግርዎ። ከቀትር በኋላ ቡናውን ይተዉት። ማታ በዚያ ፈንታ ይህን ይሞክሩ፤ ካሞሚል ነው፣ ከፈለጉም ጠጅ ሳር ጣል ያድርጉበት። ክዳን ከድነው አምስት ደቂቃ፤ ካልከደኑት መዓዛው ለኩሽናው ነው የሚቀረው። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዳሉ?»

«አልወስድም።»

«ጥሩ። ቢወስዱ ኖሮ ሐኪም ሳይጠይቁ አልሰጥዎትም ነበር።»

ለአንዱ ምግብ ሲበላ ሆዱ ለሚነፋው ናናና እንስላል ቀነጠበችለት። አንዲት ነፍሰ ጡር ከርከዴ አምሯት ስትመጣ «እሱ ለአንቺ አሁን አይሆንም፤ ከሐኪምሽ ጋር ተመካክረሽ እስክትመጪ ከኔ ጋር ትኩስ ውኃ በሎሚ ጠጪ» አለቻት። ልብስ ሰፊው የደም ግፊት ኪኒን እንደሚውጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ነግሯት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ አወጣው።

«ከኪኒኑ ጋር ነው ከርከዴ በየቀኑ የምትጠጣው?» አለች፣ አንቱታው ከድንጋጤ ብዛት አምልጧት።

«ቀለሙ ደስ ስለሚለኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ ግፊት ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ከኪኒኑ ጋር ተደርቦ ብድግ ሲሉ ያዞርዎት ይሆናል።»

«ኧረ ያዞረኛል! እርጅና ነው ብዬ እኮ።»

«ነገ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያ ለርስዎ ካሞሚል።»

«ካሞሚል እኮ ቀለም የለውም» ብሎ አኮረፈ፤ ግን ጠጣው።

ወንድሟ ኩባያ ያጥባል። እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ። ማንም አላዘዘውም።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ሲሆን አንድ የጭነት መኪና ከበሩ ፊት ቆመና ወፍራም ጃኬት የለበሰ ነጋዴ ወረደ። የጅምላ ሻጭ እንደሆነ ሳይናገር ያስታውቃል፤ ወደ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰዉን ሳይሆን ጆንያውን ነው።

«ያለሽን ከርከዴ በሙሉ እፈልጋለሁ። ጓሮ ያለውንም። ዋጋውን አንቺው ጥሪ።»

የወንድሟ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። ጓሮ አምስት ጆንያ አለ፤ ከዛሬ በኋላ ማን እንደሚገዛው አይታወቅም።

«ምን ብለው ነው የሚሸጡት?» አለች ባለናናዋ።

«እሱን ለኔ ተዪው።»

«አልተውም። ምን ብለው ነው?»

ነጋዴው ፈገግ አለ። «ሰዉ የሚፈልገውን ብዬ ነዋ። ቪዲዮውን አጥፍታችሁታል፣ እኔ ግን ስልኬ ላይ አለኝ። አንቺ ምንም አላልሽም፤ እጅሽ ንጹሕ ነው። ጭነሽልኝ ትገላገያለሽ።»

ባለናናዋ ጆንያዎቹን አሰበች። የወሩን ኪራይ አሰበች። ከዚያም ያንን የፍራፍሬ ሽታ፣ በትከሻዋ ላይ የተደገፈውን ከባድ ራስ አሰበች። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ነፍሰ ጡሯ የተነሣችበትን ወንበር በሽርጧ ጠረገችና ነጋዴው ፊት አኖረችው።

«ይቀመጡ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ከርከዴ የምሸጠው በኩባያ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ መጀመሪያ ይንገሩኝ።»